ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ መትከል ንስሐ ያስገባል?

ጥያቄው የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከአንድ አስተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ካቶሊክ ነኝ። ከአባቴ የወረስሁት ቁራሽ መሬት አለኝ፤ ከሥሩ ምንጭ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ምንጩ ዳር የነበሩትን ሁለት ዋንዛና አንድ ትልቅ ዶቅማ ቆርጬ ባሕር ዛፍ ተከልሁበት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ይደርስልኛል ብዬ ነው። አሁን ምንጩ የካቲት ሲገባ ይደርቃል። ከታች ያሉት ባልቴት ጎረቤታችን በጋ በጋ እንስራ ይዘው ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ። ባሕር ዳር ሄጄ ቅዳሴ ባስቀደስሁ ጊዜ ለካህኑ ባጫውታቸው ‹ልጄ፣ ይህማ ንስሐ የሚያስገባ ነገር ነው› አሉኝ። አጎቴ ደግሞ ሳቀብኝ። ‹ዛፍ ቆርጦ ንስሐ? ምድርን ግዙአት ተብሏል እኮ! ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው› አለኝ። ባለቤቴ ‹አንዴ እንሽጠውና ጉቶው ያቆጥቁጥ› ትላለች። እውነት ኃጢአት ነው ወይ?»

ጋሼ ብለህ ጀምረሃልና እኔም «አንተ» ልበልህ፤ አትቀየመኝ።

መልሱ ከሁለት በኩል ስለሚመጣ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። በወጣትነቴ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሠራተኛ ነበርሁ። እርከን አሠርቻለሁ፣ ችግኝ አድያለሁ፣ ከገበሬ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ታርቄያለሁ። የካቶሊክ ግብረ ገብ ትምህርት ተምሬ ማስተማር የያዝሁት ከዚያ በኋላ ነው። ካህን ግን አይደለሁም። ሥርየት የሚሰጡህ ኑዛዜህን የሚሰሙት አባት ናቸው። እኔ የምችለው ነገሩን ገለጥ አድርጎ ማሳየት ነው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ዛፍ ስለቆረጥህ ብቻ ኃጢአት ሠራህ አልልህም። ባሕር ዛፍ ስለተከልህም አልልህም። ግን ካህኑ ልክ ናቸው። ንስሐ የሚያስገባህ ዛፉ ሳይሆን ውሃው ነው። ትእዛዙም ስለ አካባቢ ጥበቃ ሰሞኑን የወጣ አዲስ ትእዛዝ አይደለም። «አትስረቅ» የሚለው ነው።

ይህን ስል ሰው ይደነግጣል። «በገዛ መሬቴ! የሰው ነገር መች ነካሁ?» ይለኛል። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ፍጥረትን ስለ ማክበር የሚያዘው የት ቦታ እንደሆነ አይተህ ታውቃለህ? ሰው ቢጠየቅ «ስለ ዓለም አፈጣጠር በሚናገረው ክፍል ነዋ» ይላል። እዚያም የሚለው አለው። ትእዛዝ አድርጎ የሚያስቀምጠው ግን በሰባተኛው ትእዛዝ፣ በ«አትስረቅ» ሥር፣ ቁጥር 2415 ላይ ነው። ከሌብነት፣ ከማጭበርበር፣ የሠራተኛን ደመወዝ ከመቀማት ጋር አንድ ላይ። እንስሳትም፣ ዕፀዋትም፣ ነፍስ የሌላቸው ነገሮችም ለትናንቱ፣ ለዛሬውና ለነገው ሰው የጋራ ጥቅም የተሰጡ ናቸው ይላል። «ለነገው» የምትለዋን ልብ በላት። ገና ያልተወለደ ልጅም ይሰረቃል ማለት ነው።

ከዚያ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ ስለ ንብረት ይናገራል። የግል ንብረት መብት የተከበረ ነው። ግን ምድር ከሁሉ በፊት ለሰው ልጅ በሙሉ የተሰጠች ናት፤ የግል ንብረት ይህን የመጀመሪያ ስጦታ አይሽረውም። ባለ ንብረት የእግዚአብሔር መጋቢ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለዚህ የተሻለ ቃል አለን፤ አደራ። አደራ የተቀበለ ሰው ይጠብቃል፣ ቢፈቀድለት ይጠቀማል፣ አጥፍቶ ግን «የኔ ነው» አይልም። «አደራ በላ» የተባለ ሰው ደግሞ በጎጃም አገር ልጁን ለመዳርም ይቸገራል።

እንግዲህ መሬቱ በይዞታ ደብተርህ ላይ በስምህ ተጽፏል። ጥሩ። ዛፎቹም ያንተ ነበሩ። ከመሬትህ ሥር ወጥቶ ወደ እማማ እንስራ ይሄድ የነበረው ውሃስ በየትኛው ደብተር ላይ ነው የተጻፈው? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በፈረሙት «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት ቁጥር 30 ላይ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ማግኘት መሠረታዊ የሰው ልጅ መብት ነው ይላሉ። ሰው ያለ ውሃ አይኖርምና። የእማማ መብት ከአንተ መሬት ሥር ነበር የሚፈልቀው። አሁን ወደ ግንድ ተለውጦ ቆሟል።

ይህ የምሳሌ አነጋገር አይደለም። በሙያዬ ልንገርህ። በአጭር ጊዜ ብዙ እንጨት የሚሰጥ ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም። ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይራገፍም። ሥሩ ጠልቆ ይሄዳል። በጋ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ሲያርፍ፣ እሱ መጠጣቱን አያቆምም። ምንጭ ዳር ሲተከል ደግሞ እንስራው አፍ ላይ አፉን አስገብቶ እንደሚጠጣ በሬ ነው። ከሥሩ ሣሩ ይሳሳል፤ መሬቱ ራቁቱን ይቀርና የክረምቱ ዝናብ ከመስረግ ይልቅ መንሸራተት ይመርጣል። ዋንዛው ግን ሰፊ ቅጠሉን አርግፎ መሬቱን ያለብስ ነበር። ዶቅማውም ከጥንት ጀምሮ የውሃ ዳር ዛፍ ነው። አባቶቻችን ምንጭ ላይ የተዉት ለጥላው ብቻ አልነበረም።

ባሕር ዛፍን ግን አልረግምም። በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከገባ ጀምሮ ስንት ቤት ቆሞበታል፣ ስንት እንጀራ ተጋግሮበታል። እሱ ባይኖር የቀረችን ጥድና ወይራም ለማገዶ ባለቀች ነበር። ጥፋቱ የቦታው ነው። ከምንጭ ራቅ ባለ ደረቅ ጎን ላይ ተክለኸው ቢሆን ይህን ደብዳቤም አትጽፍልኝም ነበር።

አሁን ወደ አጎትህ ልምጣ። ሳቁን አልጠላሁትም። ጥያቄው ግን መልስ ይፈልጋል።

«ግዙአት» የሚለው ኦሪት ዘፍጥረት 1፥28 ላይ አለ። ልክ ነው። ነገር ግን በአማርኛችን መግዛት ሁለት ዓይነት ነው። ንጉሥም ይገዛል፣ ነጋዴም ይገዛል። አጎትህ የነጋዴውን ይዘው የቀሩ መሰለኝ። ገንዘብ ሰጥቶ የገዛ ሰው ዕቃውን ቢሰብረው ማን ይጠይቀዋል? ንጉሥ ግን ሕዝቡን ቢያጠፋ የሚጠይቀው አለ። ደግሞም መጽሐፉን አንድ ገጽ ገልበጥ ያድርጉት። 2፥15 ላይ እግዚአብሔር ሰውን በዔድን ገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው ይላል። ሁለት ግሥ ነው። ማበጀት፣ መጠበቅ። ፍራንቸስኮስ በመልእክታቸው ቁጥር 67 ላይ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «ግዙአት» የሚለውን ከ«ይጠብቃትም» ነጥሎ ማንበብ መጽሐፉን ማጣመም ነው።

አጎትህ አሁንም ካልረኩ ዘሌዋውያን 25፥23ን አንብብላቸው። «ምድርም ለእኔ ናትና፥ እናንተም ከእኔ ጋር እንግዶችና መጻተኞች ናችሁና ምድርን ለዘላለም አትሽጡ።» የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ላይ ግን ከሙሴ ጋር አይስማሙም።

«የፈረንጅ ወሬ» የምትለዋ ግን ታሳስበኛለች። ምክንያቱም እኛ ካቶሊኮች ጎጃም ውስጥ ይህን ስም በቀላሉ አንሽረውም። ያለ ነገር አልመጣም። ካቶሊክ በሆነው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ሰበብ የፈሰሰው ደም በዚህ አገር ትዝታ ውስጥ አለ፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቅቋል። ስለዚህ ትምህርታችን ከውጭ የተጫነ ሲመስል ጎረቤት ቢሸሸው አልፈርድበትም። ይሄኛው ትምህርት ግን ከዚሁ ቤት ነው።

በግዕዝ ሥርዓት የሚቀደሰውን ቅዳሴያችንን ልብ ብለህ ሰምተህ ታውቃለህ? ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር የምንጋራው ነው። ዲያቆኑ ስለ ዝናብ እንለምን ይላል፤ በሚያስፈልግበት ቦታ እንዲዘንብ። ስለ ወንዞች ውሃ እንለምን ይላል፤ እስከ ልካቸውና እስከ ወሰናቸው እንዲሞሉ። ስለ ምድር ፍሬም እንለምን ይላል፤ ለዘርና ለመከር እንዲሆን። ይህን ጸሎት የሮም ሰው አልጻፈልንም። አንተ ባሕር ዳር ድረስ ሄደህ «ወንዞችን እስከ ልካቸው ሙላልን» ስትል፣ ቤትህ ሥር ደግሞ አንድ ምንጭ ከልኩ አጉድለህ መጥተሃል። ካህኑን ያሳሰባቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከሰከላ በላይ ግሽ ዓባይ ያለውን ምንጭ አስበው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ አየው፤ አውሮፓም እስከ ዛሬ «የዓባይን ምንጭ ያገኘ» እያለች ታወራለታለች። ያገኘ! የጎጃም ሰው እንዳልጠፋበት እያወቀ ይስቃል። ስለዚያ ምንጭ የሚነገረው ታሪክ ግን ሌላ ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍቶቻቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው፣ ከዘመን በኋላ ሲመለሱ ውሃው ሳያበሰብስ መለሰላቸው ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። እዚያ አደራ ጠባቂው ውሃው ነው። ሰውም በፈንታው ምንጩን ጠበል ብሎ ይጠብቀዋል። ማን ለማን አደራ እንደሰጠ ግራ እስኪገባህ።

ጎጃምን ከአውሮፕላን ላይ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይነግርሃል። ቢጫ እርሻ፣ ቢጫ እርሻ፣ ከዚያ አንድ ክብ አረንጓዴ። ከመሐሉ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ። ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው የቀረው እዚያ ነው። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ናቸው፤ ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን የድንጋይ አጥር እንዲታጠርም ብዙ ደክመዋል። የዘጌ ሰውም በሬ ጠምዶ ሳያርስ፣ ቡናውን ከጫካ ሥር አሳድጎ ዘመናት ኖሯል። ይህን ሁሉ ያቆየው የኦርቶዶክስ ምእመን ነው። እኛ ካቶሊኮች በዚህ ጉዳይ እዚህ አገር አስተማሪ ሳንሆን ተማሪዎች ነን፤ ይህን ማለት አያሳፍርም። ፍራንቸስኮስ ራሳቸው መልእክታቸውን ሲከፍቱ የጠቀሱት የኦርቶዶክሱን የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ በርተሎሜዎስን ነው። በተፈጥሮ ላይ የሚፈጸም በደል በራሳችንና በእግዚአብሔር ላይ የሚፈጸም ኃጢአት ነው ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ቁጥር 8 ላይ ታገኘዋለህ። ፍጥረትን የሚመለከተው የጸሎት ቀንም እ.ኤ.አ. በ1989 በቁስጥንጥንያ ተጀምሮ በ2015 ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን የገባ ነው።

«የጎጃም ካቶሊክ» ሲባል ለሚገርመው ሰው ደግሞ አባ ገብረ ሚካኤልን ጥቀስለት። የመርጡለ ማርያም አካባቢ ሰው ናቸው፤ በአብነት ትምህርት ያደጉ መነኩሴ። ካቶሊክ ሆነው፣ በእስር ተንገላትተው እ.ኤ.አ. በ1855 አረፉ፤ በ1926 ብፁዕ ተብለዋል። ከርዕሳችን ጋር ያላቸው ግንኙነት ያን ያህል አይደለም። ግን አጎትህ «ፈረንጅ» ሲሉ ስማቸው ትዝ አለኝ።

አሁን ወደ ራስህ ጥፋት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ያለ ልኩም ይጨነቃልና።

ቤተ ክርስቲያን አንድን ነገር ከባድ ኃጢአት የምትለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ ሰውየው በደንብ ሲያውቅ፣ ወድዶና ፈቅዶ ሲያደርገው። ከስድስት ዓመት በፊት ችግኙን ስትተክል ምንጩ ይደርቃል ብለህ አስበሃል? ካላሰብህ፣ ጎረቤትም ካላስጠነቀቀህ፣ የተከልህበት ቀን ያን ያህል አያስጨንቅህ። ጥፋት ነው፤ ባለማወቅ የተሠራ ጥፋት። ዛሬ ግን ታውቃለህ። በየካቲት የደረቀውን ምንጭ አይተሃል፣ እማማ እንስራ ተሸክመው ሲወርዱ አይተሃል፣ ይኸው ጽፈህልኛል። ሒሳቡ የሚጀምረው ካወቅህበት ቀን ነው። ስለዚህ ኑዛዜህ ውስጥ «ተክያለሁ» ከሚለው ይልቅ «አውቄ ትቼዋለሁ» የሚለው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ አማዞን የተሰበሰቡት ጳጳሳትም በተፈጥሮ ላይ የሚሠራ ኃጢአትን ሲገልጹ ድርጊት ብቻ አላሉትም፤ ማድረግ ሲገባ አለማድረግንም ጨምረውበታል።

የኔን ልንገርህ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳለሁ የችግኝ ኮታ ነበረብን። ሪፖርት የምንጽፈው ጉድጓድ ቆጥረን ነው። የጸደቀውን የሚጠይቅ የለም። አንድ ክረምት ኮታዬን ለመሙላት ጅረት ዳር ባሕር ዛፍ አስተከልሁ፤ እርጥበት ስላለ ቶሎ ይይዛል፣ ቁጥሬንም ያሳምርልኛል። አሳመረልኝም። ከዓመታት በኋላ በመጋቢት በዚያ ሳልፍ ጅረቱን ጫማዬን ሳላወልቅ ተሻገርሁት። ያኔ ነው የገባኝ። ስናዘዝ የሰሙኝ አባት ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ «ከዚያ ውሃ ስንት ሰው ይጠጣ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የተተከለውን ችግኝ ግን እስከ ዛሬ በቁጥር አውቀዋለሁ።

ያንተ ነገር ከኔ ይሻላል። ማን ይጠጣ እንደነበር ታውቃለህ።

ይህ ደግሞ ሌብነት ስለሆነ ኑዛዜ ብቻውን አይጨርሰውም። ሰባተኛው ትእዛዝ ካሳ ይፈልጋል። ንስሐ ኃጢአቱን ያነሣል፤ ያበላሸኸውን ግን አንተው ታስተካክላለህ፣ በምትችለው መጠን። ዘኬዎስ «የበደልሁት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ሲል ቤቱ ድረስ የገባው ጌታ «ተወው፣ አያስፈልግም» አላለውም።

ስለዚህ ከባሕር ዳሩ ጉዞ በፊት እማማ ቤት ሂድ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ቃል እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ሽማግሌ አትላክ፤ ይህ የሽማግሌ ጉዳይ አልሆነም ገና። ራስህ ሂድና «እማማ፣ ውሃውን ያደረቅሁት እኔ ነኝ መሰለኝ» በላቸው። ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። እና ምንጩ እስኪመለስ ድረስ ከየካቲት እስከ ሰኔ በአህያ ውሃ ጫንላቸው። በጀሪካን፣ በየሁለት ቀኑ። በየበጋው የወረዱትን መንገድ አንተም ትንሽ ውረደው። የንስሐ አባትህ ከዚህ የተሻለ ቀኖና ይሰጡሃል ብዬ አላስብም።

ስለ ልጅህ ትምህርት ያለህን ጭንቀት አልናቅሁትም። ቤተ ክርስቲያንም አትንቀውም። ፍራንቸስኮስ የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት አንድ ላይ ስሙ ያሉት ለዚህ ነው፤ ለዛፍ ሲባል ልጅ ከትምህርት ትቅር ማለት የካቶሊክ ትምህርት አይደለም። ደግነቱ ነገሩ እንደምትፈራው አይጋጭም። ባሕር ዛፉ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ለምሰሶና ለማገር ደርሷል። ቁረጠው። ሽጠው። ገንዘቡ ለልጅህ ይሁን። ማንም አይወቅስህም።

የምትከስረው ሁለተኛውን ዙር ነው። ባለቤትህ «ጉቶው ያቆጥቁጥ» ያሉት ስለዚህ ነው፤ ሒሳቡን በደንብ ያውቃሉ። የጉቶ ቡቃያ ያለ ችግኝ ወጪ፣ የበቀለ ሥር ይዞ ስለሚነሣ ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ውሃውንም እንደዚያው ይፈጥንበታል። እዚህ ላይ ነው «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው። ኪሳራው እውነተኛ ነው፤ አልሸፋፍንልህም። ከፈለግህ ምትኩን ከምንጩ ርቀህ በላይኛው ደረቅ ጎን ትተክላለህ። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች በደከመ መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር ተክለው፣ ከሰል አክስለው፣ ከዚያ ጤፍ እየዘሩ ብዙ ተጠቅመዋል፤ ይሁን እንጂ እሱም ዝገት የሚመስል በሽታ ስለገባበት ሁሉን በአንድ ዛፍ ላይ አታስቀምጥ።

አሠራሩን ባጭሩ። ምንጩ ዓይን አጠገብ ያለውን ጉቶ በዶማ አትፈንቅል፤ ዳሩ ይናድብሃል። እዚያ አካባቢ ያለውን ጉቶ ልጡን እስከ አፈር ላጠውና ቡቃያው ባወጣ ቁጥር ስበረው። ይደክምና ይሞታል። ራቅ ያለውን መንቀል ትችላለህ። ሐምሌ ላይ ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ካገኘህ ሾላ ትከል። ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ላይ ውሃ የሚያሰርግ ቦይ በደረጃ ቆፍር፤ ክረምት ላይ ያልሰረገ ውሃ በጋ ላይ ከየት ይመጣል? ጎረቤቶችህን በደቦ ጥራቸው፣ ከዳገቱ ላይ የሚያርሱትም ድርሻ አላቸውና። ምናልባት ከአንተ ባሕር ዛፍ ሌላ ልቅ ግጦሹም ምንጩን ጎድቶት ይሆናል። አንተ የራስህን ድርሻ ብቻ ነው የምትናዘዘው።

ከዚያ ዙሪያውን እጠርና ከብት አታስገባ። አንድ ቁራጭ መሬት ምንም ሳትዘራበት ተወው። ቅዱስ ፍራንሲስ ዘአሲዚ በገዳሙ አትክልት ቦታ አንዱ ጥግ ሳይነካ እንዲቀር፣ የዱር አበባና ሣር እንዲበቅልበት ያዝዝ ነበር ይባላል። ውሃንም «እኅታችን» ብሎ ነው የጠራት፤ ጠቃሚ፣ ትሑት፣ ክብርት፣ ንጽሕት። የእሱ በዓል መስከረም 24 ነው። ከነሐሴ 26 እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን ጊዜ ካቶሊኮች ከሌሎች ክርስቲያኖች ጋር ስለ ፍጥረት የሚጸልዩበት ወቅት አድርገውታል። ለአውሮፓ መኸር ነው፤ ለኛ ግን አደይ የምትፈነዳበት፣ የሐምሌው ችግኝ መጀመሪያ የሚፈተንበት ጊዜ ነው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል አረም ያንቀዋል። ጸልይ፤ ግን መኮትኮቻም ያዝ።

በአንድ ክረምት ተአምር አትጠብቅ። መጀመሪያ የምታየው ለውጥ ምንጩ ከየካቲት ወደ መጋቢት፣ ከዚያ ወደ ሚያዝያ መድረሱ ነው። የሚደርቅበትን ቀን በየዓመቱ ጻፈው። እማማንም ጠይቃቸው፤ ከአንተ በፊት ያውቁታል።

መቁረጡን ጥር ላይ አድርገው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ገዢም በመኪና ይደርስልሃል። ቡቃያው ወዲያው ብቅ ማለት ሲጀምር ባለቤትህ አንድ ጊዜ ደግመው ይጠይቁሃል። መስከረም ላይ ጻፍልኝ። ስንት እንደተከልህ ሳይሆን ስንት እንደጸደቀ።